ዊል ሮጀርስ ሙዚየም፦ በየቀኑ ዜና ላይ የቀለደው ካውቦይ ቤት

ከዳላስ ወደ ሚዙሪ ሎድ የሚይዝ ሾፌር ሁሉ ዊል ሮጀርስን ሳያውቀው ያውቀዋል። ከተልሳ እስከ ሚዙሪ ድንበር የሚወስደው የክፍያ መንገድ በስሙ ነው። ቪኒታ አጠገብ መንገዱን ከላይ ተሻግሮ የተሠራው፣ ውስጡ ማክዶናልድ ያለበት ትልቅ ቅስትም በስሙ ነው። የኦክላሆማ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያም እንደዚያው። ይሄኛው ትንሽ ያስቃል። ሰውዬው የሞተው በአውሮፕላን አደጋ ነው። አብራሪው ዋይሊ ፖስትም እዚያው ከተማ በስሙ ሌላ አነስ ያለ ማረፊያ አለው።

በዚህ አገር መንገድ በስሙ የሚጠራለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጄኔራል ነው ወይ ፖለቲከኛ። ይሄኛው ሥራው ቀልድ ነበር። ጋዜጣ ያነባል፣ ያነበበው ላይ ይቀልዳል፣ በዚያ ይኖራል። እንዲህ ላለ ሰው ይህን ያህል ክብር ከየት መጣ ብዬ ሙዚየሙ ድረስ ሄድኩ። በትራክ ሳይሆን በቤት መኪና፣ ከባለቤቴ፣ ከትንሿ ልጄና ከእናቴ ታላቅ ወንድም ጋር። ጋሼ አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አብረዋችሁ ሙዚየም ከገቡ ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ ሳያነቡ አይወጡም።

ሙዚየሙ ያለው ክሌርሞር ነው። ከተልሳ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሩት 66 የሚባለው አሮጌ አውራ ጎዳና በከተማዋ መሃል ያልፋል። ከዳላስ ለሚነሳ ሰው አምስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ቦታው ኮረብታ ላይ ነው። ዊል ሮጀርስ ሲያረጅ ቤት ሊሠራበት በ1911 የገዛው 20 ኤከር መሬት ነው። ቤቱን ሳይሠራ ሞተ። ሚስቱ ቤቲ መሬቱን ለመታሰቢያ ሰጠች። ሕንፃው ከአካባቢው ድንጋይ ተሠርቶ በልደቱ ቀን፣ ኅዳር (ኖቬምበር) 4 ቀን 1938 ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሬዲዮ ንግግር አደረጉ። እስቲ አስቡት፦ ለቀልደኛ መታሰቢያ፣ የአገር መሪ ንግግር ያደርጋል። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ቆም አሉ። «አለቃ ገብረ ሐናስ ሐውልታቸው የት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መግቢያው ላይ የሚቀበላችሁ የጆ ዴቪድሰን የነሐስ ሐውልት ነው። እጁን ኪሱ ከቶ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል። ጎረቤት ደጃፍ ላይ ወሬ የያዘ ሰው ነው የሚመስለው። የዚሁ ሐውልት መንትያ ዋሽንግተን፣ ካፒቶል ውስጥ አለ። ፊቱ ወደ ተወካዮች ምክር ቤቱ አዳራሽ ነው። ምክር ቤቱን በዓይኑ እንዲጠብቅ ነው እየተባለ ይቀለዳል።

አሁን ስለ ሰውዬው። ሙዚየሙን ወዳችሁ እንድትወጡ ቀድማችሁ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል።

የተወለደው በ1879 ኡላጋ አጠገብ ነው። ያኔ ኦክላሆማ የሚባል ግዛት የለም። አገሩ የቸሮኪ ኔሽን፣ ማለት የነባሮቹ የቸሮኪ ሕዝብ መሬት ነበር። እናትና አባቱ ሁለቱም የቸሮኪ ዝርያ ነበራቸው። አባቱ ክሌም ሮጀርስ ሀብታም ከብት አርቢና የቸሮኪ ፖለቲከኛ ነበር። ክሌርሞር ያለችበት አውራጃ ዛሬ ሮጀርስ ካውንቲ የሚባለው በልጁ ስም ሳይሆን በአባትየው ስም ነው። ዊል ለነጭ ጌቶች ይቀልድባት የነበረች አንዲት አባባል አለችው። የእኔ አያቶች እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን ወደ አሜሪካ ባመጣው በሜይፍላወር መርከብ አልመጡም፣ ግን መርከቡን የተቀበሉት እነሱ ናቸው ይል ነበር። ጋሼ ይህችን በጣም ወደዷት። ተመልሰን ዳላስ እስክንገባ ድረስ ይደጋግሟት ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አባትየው በእርስ በርስ ጦርነቱ ከደቡቦቹ ጎን የተዋጋ፣ ባሪያ አሳዳሪም የነበረ ሰው ነው። ዊልን ገና በልጅነቱ ሸምቀቆ ገመድ መወርወር ያስተማረው ደግሞ ዳን ዎከር የሚባል ጥቁር ካውቦይ ነበር። ያ ገመድ ነው ዓለምን ያዞረው። ትምህርት አልሆነለትም። ከወታደራዊ ትምህርት ቤት ጠፍቶ ቴክሳስ ከብት ጥበቃ ገባ። በ1902 አርጀንቲና ሄደ። ገንዘቡ አለቀ። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረና ቴክሳስ ጃክ በሚባል ሰው ሰርከስ ውስጥ «ቸሮኪ ኪድ» ተብሎ ገመድ መወርወር ጀመረ። ከዚያ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ። በ1904 ዓለምን ዞሮ አገሩ ገባ።

በ1905 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ትርኢት ላይ ሳለ አንድ ወይፈን አምልጦ ተመልካቹ መሃል ገባ። ዊል በገመዱ ያዘው። በማግስቱ ጋዜጦቹ ጻፉለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድረክ ሰው ሆነ። ፈረሱን ቴዲን መድረክ ላይ ያወጣው ነበር። የቲያትር ቤት ወለል እንዳያንሸራትተው ሰኮናው ላይ ለስላሳ ጫማ ያደርግለታል።

እስከዚህ ድረስ ዝምተኛ ነበር። መናገር የጀመረው በአጋጣሚ ነው ይላሉ። አንዱን የገመድ ጥበብ ከማሳየቱ በፊት ለተመልካቹ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ በኦክላሆማ አነጋገሩ ሰው ሳቀ። ተናደደ። የሳቁበት መሰለው። ባልደረቦቹ ናቸው ሳቅ ደሞዝ መሆኑን የነገሩት።

ለእኔ የሙዚየሙ ምርጡ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዊል ሮጀርስ የኒው ዮርኩ የትርኢት አዘጋጅ ዚግፌልድ ዘንድ ሲቀጠር፣ የሚሠራው ኒው አምስተርዳም ቲያትር ጣሪያ ላይ ነበር። ትርኢቱ «ሚድናይት ፍሮሊክ» ይባላል። የሚመጡት ሀብታሞች ናቸው። ችግሩ፣ የትናንቱ ሰው ዛሬም ይመጣል። ትናንት የሳቀበትን ቀልድ ዛሬ ስታመጣለት ፊቱን ያዞራል። ሌላው የመድረክ ሰው አንድ ቀልድ ይዞ ዓመት ይበላበታል። ዊል ግን በየሌሊቱ አዲስ ያስፈልገዋል። ከየት ይምጣ? ከጋዜጣ። ሐሳቡን ያመጣችው ቤቲ ናት። ጠዋት ጋዜጦቹን ያገላብጣል። ማታ ማስቲካውን እያኘከ፣ ገመዱን እያሽከረከረ፣ የማውቀው ጋዜጣ ላይ ያነበብኩትን ብቻ ነው ብሎ ይጀምራል።

ይህች መግቢያ ተራ ትመስላለች። ግን ብልጠት አለባት። ምሁር ነኝ አላለም። ምሥጢር አውቃለሁ አላለም። አንተ ጠዋት ያነበብከውን ነው እኔም ያነበብኩት፣ አሁን አብረን እንየው አለ። ገመዱም ሥራ ነበረው። ቀልዱ ካልሠራ ዓይን ወደ ገመዱ ይሄዳል። በገመዱ ሆን ብሎ ይሳሳትና በራሱ ላይ ይቀልዳል። ሳቁ ሲመለስ ወደ ዋሽንግተን ይዞራል።

ይህ ብልሃት መጀመሪያ የተፈተነው በ1916 ባልቲሞር ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ተመልካቹ መሃል ተቀምጠዋል። የአሜሪካ ጦር አማፂውን ፓንቾ ቪያን ሜክሲኮ ውስጥ ያሳድዳል፣ አልያዘውም። አገሪቱ መሣሪያ የላትም ተብሎ ትወቀሳለች። ዊል በጣም ፈርቶ ነበር። ከዚያ በፊት ፕሬዚዳንት ፊት ለፊት በፕሬዚዳንቱ ላይ የቀለደ ማንም አልነበረም ማለት ይቻላል። ገባበት። መትረየስ እንገዛለን የሚል ወሬ አለ፣ ማን ያበድረን እንጂ አለ። ያለንን አንዱን ወታደሮች እየሠለጠኑበት ነው፣ ጦርነት ከገባን ሌላ መትረየስ መፈለጋችን ነው አለ። ዊልሰን ከሁሉ በላይ ሳቁ። በኋላም ከዊል ቀልዶች አንዷን ራሳቸው በንግግር ጠቀሱ። ዊል ይህችን ምሽት ዕድሜ ልኩን አልረሳትም። የሥልጣን ሰው በራሱ ላይ ሲሳቅ ቂም ካልያዘ፣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነቱ ያደክማል። ከ1922 መጨረሻ ጀምሮ በየሳምንቱ የጋዜጣ ዓምድ። ከ1926 ጀምሮ በየዕለቱ አጭር ቴሌግራም፣ አንድ አንቀጽ ብቻ። ባለበት ቦታ ሆኖ ይልካል። ባቡር ላይ፣ ሆቴል፣ የፊልም ቀረጻ መሃል፣ ቻይና። ወደ 40 ሚሊዮን ሰው ያነበው ነበር ተብሎ ይገመታል። 71 ፊልም ሠርቷል። ሬዲዮ ላይ ደግሞ ሲያወራ ሰዓቱን ስለሚረሳ የሚያቃጭል ሰዓት ይዞ ይገባ ነበር። ሰዓቱ ሲያቃጭል ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያቆማል። ይህችን ለአንዳንድ የእኛ ቲክቶከሮች ብንገዛላቸው ጥሩ ነው።

በ1928 ላይፍ በሚባለው የቀልድ መጽሔት ላይ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ቃል የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተመረጥኩ እለቃለሁ። በዚያው ዓመት ሬዲዮ ላይ የፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅን ድምፅ አስመስሎ ተናገረ። ብዙ ሰው እውነት መሰለው። ይቅርታ ጠይቆ ሲጽፍላቸው ኩሊጅ ምንም አይደል ብለው መለሱለት። ፓርቲውን ሲጠይቁት፣ የተደራጀ ፓርቲ አባል አይደለሁም፣ ዴሞክራት ነኝ ይል ነበር። ይህን ዛሬም ሬዲዮ ላይ ስሰማው መሪውን ይዤ እስቃለሁ።

ከቀልዶቹ ሁሉ እኔን የያዘችኝ የ1931ዋ ናት። ሥራ አጥነት አገሩን ሲያጠፋ ሬዲዮ ላይ ቀረበ። በዓለም ታሪክ በአውቶሞቢል እየነዳን ወደ ድሆች መጠለያ የምንሄድ የመጀመሪያዎቹ ሕዝብ እኛ ነን አለ። ሹፌር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህች ውስጤ ገብታለች። የትራኩን ወርሃዊ ክፍያና የናፍጣውን ዋጋ የሚያውቅ ይረዳኛል። በኋላ ደግሞ በፕሬዚዳንት ሁቨር ላይ ቀለደ። ሁቨር መሐንዲስ ነበሩ፣ ውኃ ወደ ታች እንደሚወርድ ያውቃሉ፤ ገንዘብ ግን ወደ ላይ እንደሚወጣ አላወቁም አለ። ገንዘቡን ከታች ላለው ስጡት፣ እስኪመሽ ከላይ ያሉት እጅ ይገባል፣ ቢያንስ ግን በድሃው እጅ አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ የኢኮኖሚክስ ክርክር በሁለት መስመር አለቀ።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። ልጄን የያዛት ጆ ሞራ የሚባል ቀራፂ የሠራቸው 13 ትንንሽ የሕይወቱ ትዕይንቶች ናቸው። በመስኮት ውስጥ የተቀመጡ ጥቃቅን ሰዎች፣ ፈረሶች፣ መድረኮች። ማንበብ ለማይችል ልጅ የሰውዬው ታሪክ በሙሉ እዚያ አለ። አዋቂውም ከዚያ ቢጀምር አይጎዳም። ከዚያ ፊልሞቹ። በ1922 ራሱ የሠራው «ዘ ሮፒን ፉል» የሚባል አጭር ፊልም አለ። ገመዱን በዝግታ ቀርጸውታል። ዓይን ሊከተለው የማይችለውን ነገር እዚያ ታዩታላችሁ። ሦስት ገመድ በአንዴ ይወረውራል። አንዱ ፈረሰኛውን፣ አንዱ የፈረሱን አንገት፣ አንዱ አራቱን የፈረስ እግሮች ይይዛል። ልጄ ገመድ ግዛልኝ ብላ አስቸገረችኝ። ኮርቻዎቹንም እዩ፤ የቆዳ ሥራ የሚወድ ሰው ብዙ ይቆምባቸዋል። ሥዕሎቹን ፈጠን ብዬ አለፍኩ። መጥፎ ሆነው አይደለም፣ የእኔ ነገር ሆነው አላገኘኋቸውም።

ጋሼ የቆሙት የጽሕፈት መኪናው ጋ ነው። የአደጋው ዕለት አብሮት የነበረው መኪና ነው።

ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ቀን 1935፣ ዊልና ዋይሊ ፖስት አላስካ ላይ ናቸው። ፖስት አንድ ዓይና ነበር፤ ብቻውን ዓለምን በአውሮፕላን የዞረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አውሮፕላኗ ከሁለት የተለያዩ አውሮፕላኖች የተገጣጠመች ናት። ውኃ ላይ እንድታርፍ ተንሳፋፊ ተገጥሞላታል፣ አፍንጫዋ ከብዷል። በጭጋግ መንገድ ጠፍቷቸው በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፖይንት ባሮው አጠገብ ያለች የባሕር ኩሬ ላይ አረፉ። ከአካባቢው ሰዎች አቅጣጫ ጠየቁ። ሲነሱ ሞተሩ ቆመ። ኢኑፒያት ከሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ አንድ ሰው ባሮው ድረስ ሮጦ ወሬውን አደረሰ። ዊል 55 ዓመቱ ነበር። ጋሼ ቀኑን በኛ አቆጣጠር አስበው «ጦርነቱ ሊጀመር 7 ሳምንት ሲቀረው» አሉ። እውነት ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ይህን ያነሳሁት ለማሳመር አይደለም። ከዊል ሮጀርስ ጋር የምጣላበት ነገር እዚህ ላይ ነው።

መቃብሩ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ነበር የተቀበረው፣ በ1944 ወደዚህ አመጡት። ቤቲና በሕፃንነቱ በዲፍቴሪያ የሞተው ልጃቸው ፍሬድ አብረውት አሉ። ዝቅ ያለ የአበባ ቦታ፣ ከፊቱ ክሌርሞርና ሸለቆው። ደስ ይላል። ዊል በሕይወቱ ሳለ መቃብሬ ላይ ጻፉልኝ ብሎ የተናገራት አባባል አለች፦ በዘመኔ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ ላይ ቀልጃለሁ፣ ግን አግኝቼው ያልወደድኩት ሰው የለም። ቱሪስቱ ሁሉ ይህችን ይወዳታል። ቲሸርት ላይ ትጻፋለች።

ወደ ዳላስ ስንመለስ ባለቤቴ ትነዳለች፣ እኔ ከስልኬ ስለ 1926 የአውሮፓ ጉዞው ለጋሼ አነባለሁ። ያኔ ለሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት መጽሔት ደብዳቤ መሰል ጽሑፎች ይጽፍ ነበር። ሮም ገብቶ ሙሶሊኒን አገኘው። ወደደው። ተጫዋች ሆኖ አገኘው። አምባገነን መንግሥት ትልቁ የመንግሥት ዓይነት ነው፣ ትክክለኛው አምባገነን እስከተገኘ ድረስ የሚል ቃል ጻፈ።

ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው «እንደገና አንብበው» አሉኝ። አነበብኩ።

«ቀልድ ነው ወይስ የምሩን ነው?»

«ሁለቱም ይመስለኛል ጋሼ።»

«እንግዲያው ቀልደኛ ማለት በቃ እንዲህ ነው። ጥርሱን ያሳየውን ሁሉ ይወዳል።»

እኔ እንደ እሳቸው ጨካኝ አልሆንኩም። ግን ነገሩ ተረጋግቶ ሲታሰብ ልክ ናቸው። የዊል ብልሃት ቂም የሌለው መሆኑ ነው። ከሚቀልድበት ሰው ጋር እራት ይበላል። ዋይት ሐውስ ያድራል። ይህ ነው ዊልሰንን ያሳቀው፣ ይህ ነው ሁሉንም በር የከፈተለት። ይኸው ብልሃት ሮም ላይ ከዳው። ፊት ለፊት ሳቂታ ሆኖ የሚቀበልህ ሰው ከጀርባው ምን እንደሚያደርግ በአንድ ቃለ ምልልስ አይታይም። ሊቢያ በዚያን ጊዜም በኢጣሊያ ጦር እየተወቀጠች ነበር። እኔ ሙዚየሙን የማዘጋጀው ሰው ብሆን ያን የ1926 ገጽ ከሐውልቱ እግር ሥር አስቀምጠው ነበር። ሰውዬውን ለማሳነስ አይደለም። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛም አለ። በ1934 ሬዲዮ ላይ ስለ አንድ ዘፈን ሲያወራ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል ደጋግሞ ተናገረ። የጥቁር አሜሪካውያን ተቃውሞ ተነሳ። ገመዱን ከጥቁር ሰው የተማረ ሰው! ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ «አግኝቼው ያልወደድኩት የለም ያለው፣ ሁሉንም ያገኘ መስሎት ነው» አለች። ከሦስታችን ከእሷ የተሻለ የተናገረ የለም።

ታዲያ ለምን ወደድኩት? ምክንያቱም ሁሉም በጽሑፍ አለ። አለቃ ገብረ ሐና በጎንደር በሸዋ፣ በምኒልክ ግቢ የተናገሩት የቱ የእሳቸው እንደሆነ፣ የቱ በኋላ በስማቸው እንደተለጠፈ ማንም አይለይም። በዊል ሮጀርስ ስምም ያላለው ብዙ ነገር ይወራል። እሱ ግን በየቀኑ የላከው ቴሌግራም ከነቀኑ ተቀምጧል። ምን ቀን ላይ ትክክል እንደነበረ፣ ምን ቀን ላይ እንደሳተ ማየት ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ዛሬ ዜና የሚቀልድ ሰው ነገ ይረሳል። ይሄኛው ከ90 ዓመት በኋላ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪን መኪና ውስጥ አናደደ።

ደግነቱንም አልክድም። በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ሲያጥለቀልቅ፣ በ1931 ድርቅ ሲገባና የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጉዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ በነጻ እየዞረ ገንዘብ አሰባስቧል። ብዙዎቹ ቀልደኞች እዚህ ላይ ይቆማሉ፣ እሱ አላቆመም።

ለሚሄዱ ሰዎች ጥቂት ነገር። ከመነሳታችሁ በፊት የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አረጋግጡ። ግማሽ ቀን ያዙለት። እንደ ጋሼ አንባቢ ሰው ካላችሁ ቀኑን ሙሉ። ማንበብ የማይወድ ጎረምሳ ካላችሁ በፊልሞቹ ጀምሩለት፣ አለበለዚያ ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥባችኋል። ምግባችሁን ብትይዙ ግቢው ሰፊ ነው፣ እኛ ጥብሳችንን ከነእንጀራው ይዘን ሄደን ነበር።

ጊዜ ካላችሁ ኡላጋ ያለውን የተወለደበትን ቤት ጨምሩ። ነጭ የገጠር ቤት ነው፣ ውስጡ ግንድ ነው። ሐይቁ ሲሠራ ውኃ እንዳይበላው ከነበረበት አንስተው ወደ ላይ ወሰዱት። በ2023 ቸሮኪ ኔሽን ገዝቶታል። ካሊፎርኒያ የነበረው ትልቁ ቤቱ ግን በጃንዋሪ 2025ቱ የፓሊሴድስ እሳት ነዷል። ስለዚህ ሰውዬውን ማየት የሚፈልግ መሄጃው ኦክላሆማ ነው። ተልሳ ላይ ደግሞ ግሪንዉድን ሳታዩ አትመለሱ። በ1921 የጥቁሮች ሰፈር የተቃጠለበት ነው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ያየ ሰው የዚህን አካባቢ ታሪክ ሙሉውን ያያል።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሿን ጋሼ ናቸው ያስቀነሱኝ፣ በሙሶሊኒ ምክንያት። እሳቸው ሦስት ነው የሚሉት።

ለሹፌሮች፦ ተሳቢ ይዛችሁ ወደ ኮረብታው አትውጡ። ተሳቢውን ትራክ ስቶፕ አቁሙትና በኡበር ሂዱ።